ከጣርማ በር በፊት

ስለ ጭነት መኪና የሚጨዋወት ሰው ሁሉ የሞተሩን ጉልበት፣ የጎማውን ብዛትና የሚሸከመውን ኩንታል ሲያነሣ ይውላል እንጂ፣ ያ ሁሉ ጉልበትና ያ ሁሉ ሸክም ቁልቁለት ሲመጣ በምን እንደሚገታ ሲጠይቅ አይሰማም። ይሁን እንጂ በተራራማይቱ አገራችን በጣርማ በር፣ በዓባይ በረሃ ወይም በሊማሊሞ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ጠንቅቆ እንደሚያውቀው፣ ዳገት መውጣት የሞተር ነገር ሲሆን በሰላም መውረድ ግን ከሾፌሩ እግር በታች፣ ከወለሉ ሥር በጭቃና በአቧራ ተሸፍና የምትኖረው የፍሬን ፖምፓ ነገር ነው። እኔም በወጣትነቴ ዘመን በደብረ ብርሃን ከተማ ይህችን ፖምፓ ከአንዲት አሮጌ የጦር ሠራዊት መኪና ላይ አውርደው ሲያድሷት አብሬ እየሠራሁ ያየሁትን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት፣ ያን ሥራ የመሩት ሰው ስለ ራሳቸው አንድም ቃል ጽፈው ያላለፉ በመሆናቸውና፣ እንደ እርሳቸው ባሉ ሰዎች የእጅ ጥንቃቄ ከገደል የዳነው መንገደኛ ቁጥር በየትም መዝገብ ሰፍሮ የማይገኝ በመሆኑ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ በዚህ መንገድ የሚጓዘው ጭነት በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ከእርሷም ወዲያ ሜዳው ጥቂት ከሄደ በኋላ ምድር ከፊት ተቈርጣ ትወርዳለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ ከተሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ካለው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥቶ ወደ 1300 ሜትር ገደማ እስከሆነው ቆላ ስለሚዘልቅ፣ ጧት ካፖርት ደርቦ የተነሣ ሾፌር ከቀትር በፊት በሸሚዝ ይቀራል። ስለዚህ በዚያች ከተማ የሚገኝ ጋራዥ፣ ሌላው ሥራው ሁሉ ቢቀርበት እንኳ፣ ፍሬን መመርመርን ዋና ተግባሩ ሊያደርገው ይገባ ነበር፤ የእኛም ጋራዥ ጌታ ይህን ከማንም ይልቅ ያምኑበት ነበር።

እኒህ ሰው ከጦሩ የተሰናበቱ ሃምሳ አለቃ ስለ ነበሩ፣ እኛ ሠራተኞቻቸውም ሆንን የከተማው ሰው «አለቃ» እያልን እንጠራቸው ነበር። በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው በተወለዱበት ደብር ሲያገለግሉ ካደጉ በኋላ በክብር ዘበኛ ገብተው፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ባሕር ተሻግረው፣ የአሜሪካንን ወታደራዊ መኪና መንዳትንና መጠገንን በዚያ በበረዷማው ኮረብታ መካከል ተማሩ። ሲመለሱም ይዘውት የመጡት ቅጠሉ የላላ የጥገና መጽሐፍ፣ ዳዊት በሚያዝበት ዓይነት የቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ የእንግሊዝኛውን ንባብ እምብዛም ባይዘልቁትም፣ ሥዕሎቹን ግን አንድ በአንድ፣ ቁጥራቸውን ሳይቀር ያውቋቸው ነበር።

መኪናዪቱ ኤም 35 የምትባለው ዓይነት ነበረች። ይህ ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በሚሺጋን ግዛት በላንሲንግ ከተማ ይገኝ በነበረው በሪዮ ፋብሪካ መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ ሦስቱም አክስሎቹ ኃይል የሚያገኙ፣ 10 ጎማዎች ያሉት፣ መንገድ በሌለበት ሜዳ 2.5 ቶን፣ በተሠራ መንገድ ላይ ደግሞ 5 ቶን እንዲጭን ታስቦ የተበጀ ነው። የእኛይቱን አንድ ነጋዴ ጦሩ በሐራጅ ሲሸጣት ገዝቶ ሰማያዊ ቀለም አስቀብቷት ነበር፤ ነገር ግን ቀለሙ በተፋቀበት ሁሉ የወይራ ቅጠል የሚመስለው የቀድሞ የወታደር መልኳ ይታይ ነበር። የምትጭነውም፣ እንደ አብዛኞቹ የነጋዴ መኪናዎች፣ ፋብሪካው ከወሰነላት በላይ ነበር።

የፍሬኗ አሠራር ሲመለከቱት ቀላል፣ ሲያስቡት ግን የሚያስፈራ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የመግፊያ ዘንጉ በፖምፓዋ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋዋል፤ ፒስተኑም ከፊቱ ያለውን የፍሬን ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱም በቀጭን የብረት ቱቦ አልፎ በታመቀ አየር ወደሚሠራው ማገዣ ይሄድና፣ በአየሩ ጉልበት በርትቶ ወደ ስድስቱ የጎማ ታምቡሮች ይከፋፈላል። አየሩ ቢጎድል ፔዳሉ ይከብዳል እንጂ ፍሬኑ ፈጽሞ አይጠፋም፤ የዘይቱ ግፊት ከጠፋ ግን፣ ፖምፓዋ አንዲት፣ መስመሯም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ስድስቱም ታምቡሮች ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። በኋላ ዘመን በተሠሩት አውቶሞቢሎች ፖምፓው ሁለት ክፍል ስላለው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆማል፤ በዚያች መኪና ግን ለሾፌሩ የሚቀርለት ከኋለኛው ዘንግ ጋር የተያያዘው የእጅ ፍሬን ብቻ ነበር፤ እርሱም የቆመ መኪና ይይዝ እንደሆነ ነው እንጂ በጭነት የሚወርደውን መኪና አይገታም።

በአንድ ስፍራ የተጫነ ፈሳሽ ግፊቱን ሳያጎድል ወደ አቅጣጫው ሁሉ ያደርሳል የሚለውን ሕግ የገለጠው በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል ነው። ሕጉ ለአውቶሞቢል ፍሬን እስኪውል ድረስ ግን ብዙ ዘመን አልፏል፤ በአራቱም ጎማ ላይ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ተገጥሞለት የተሸጠው ዱሰንበርግ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የገረመኝ አለቃ የነገሩኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የቀድሞው የፍሬን ዘይት ከጉሎ ፍሬ ተጨምቆ ከአልኮል ጋር የተዋሐደ መሆኑ ነው። የትውልድ አገሩ ይህ የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ ምድር እንደሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት የሚመሰክሩለት፣ በየጓሮው ሳይዘራ የሚበቅለው፣ እናቶቻችን ቁርበት የሚያለሰልሱበት ጉሎ፣ በሩቅ አገር ፋብሪካ ገብቶ የሰው ነፍስ የሚጠብቅ ዘይት ሆኖ መኖሩን ከሰማሁ ወዲህ፣ ያን ቀይ አገዳ ያለውን ተክል በመንገድ ዳር ባየሁት ቁጥር በአክብሮት ሳልመለከተው አላልፍም።

መኪናዪቱ ወደ እኛ የመጣችው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፍልሰታ ጾም መግቢያ ሰሞን፣ ዝናሙ ሲያባራ ሲመለስ በዋለበት ቀን ነበር። ከአዲስ አበባ ስኳርና ቆርቆሮ ጭና ወደ ደሴ ትሄድ የነበረ ሲሆን፣ ከሸራው ላይ ሕፃን ያዘለች ሴትና ሌሎች መንገደኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና አለቃን እጅ ነሣ።

«አለቃ፣ ፔዳሉ ትንሽ ለስለስ ብሎብኛል፤ ዘይት ጠብ ያድርጉልኝና ሳይመሽ ጣርማ በርን ልለፍ» አለ።

«ዘይቱ ጎድሎ አየኸው?»

«የለም፤ ሰንዳፋ ላይ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው።»

«ሙሉ በሆነው ላይ ምን እጨምርልሃለሁ?» አሉና ወደ ካቢናው ወጥተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ።

እግራቸውን በፔዳሉ ላይ አኑረው፣ ሳያጠብቁ ሳያላሉ፣ በአንድ ልክ ተጭነው ቆዩ። ፔዳሉ መጀመሪያ ጠንክሮ ቆመ፤ ከዚያ ግን ማንም በዓይኑ ሊከተለው በሚቸግር ዝግታ እየሰመጠ ሄዶ ወለሉን ነካ። እኔ በትእዛዛቸው ከመኪናው ሥር ገብቼ ቱቦዎቹንና የጎማዎቹን ውስጠኛ ገጽ አንድ በአንድ ብዳስስ፣ ከጭቃው በቀር የዘይት እርጥበት አላገኘሁም። ከውጭ የሚፈስ ከሌለና ማጠራቀሚያው ሙሉ ከሆነ፣ ዘይቱ የሚሾልከው ከውስጥ፣ ጎሚኒ በሚባለው የፒስተኑ የጎማ ማገጃ ጥግ እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ነገር ግን የአየር ማገዣውም እንዲህ ያለ ሕመም ሊኖረው ስለሚችል፣ አለቃ ቱቦውን ከፖምፓዋ አፍ አስፈትተው ቀዳዳውን በቡሎን አስደፈኑና እንደገና ረገጡ። መሄጃ ያልነበረው ዘይት አሁንም ከእግራቸው ሥር አመለጠ፤ ፔዳሉም ሰመጠ። ጥፋቱ ያለው በፖምፓዋ ነው።

«ይህች መኪና ከዚህ አታልፍም» አሉት ሲወርዱ።

«አለቃ፣ ባለንብረቱ ደሴ ላይ ይጠብቀኛል። ደጋግሜ ስረግጠው እኮ ይይዛል።»

«በሜዳው ይይዛል። ከዋሻው ወዲያ ስንት ጊዜ ደጋግመህ ልትረግጠው ነው? አንተ፣ ወንድሜ፣ ስለ ራስህ ብትደፍር፣ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ደፍረዋል ወይ?»

ሾፌሩ መልስ አላገኘለትም። አለቃ ግን መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ጭነቱ ቀና ብለው፣ «እናንተ ወገኖቼ፣ ውረዱ፤ ሌላ መኪና እናስፈልግላችኋለን» አሉ። መንገደኞቹ በዝናሙ ውስጥ እያጉረመረሙ ወረዱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሽማግሌው ሥራ ለማግኘት ሲሉ ምክንያት ፈጠሩ ብለው በግልጽ ተናገሩ። እርሳቸው ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው፣ ሕፃን ያዘለችውን ሴት ወደ ቤታቸው አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጧት። ሰው የሚያመሰግንህ ያየውን አደጋ ስታስቀርለት ነው፤ ያላየውን ስታስቀርለት ግን እንዳጉላላኸው ይቈጥረዋል። እኔ ይህን ነገር በሕይወቴ በሌላም ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ዕለት ካየሁት ሽማግሌ ይልቅ በቀና ልቡና የተሸከመው ሰው አላጋጠመኝም።

በማግስቱ ፖምፓዋን አወረድናት። ሥራው የሚጀመረው ከማጠብ ነበር፤ ምክንያቱም ከውጭ ያለው ጭቃ ወደ ውስጥ ከገባ ከበሽታው መድኃኒቱ ይከፋልና። አለቃ ጠረጴዛውን አሳጥበው፣ እጃቸውንም በሳሙና ታጥበው፣ የተፈታውን ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ፣ ቄሰ ገበዝ ንዋየ ቅድሳትን እንደሚያኖር፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደሩት፤ የአቧራ መከላከያውን ጎማ፣ የመያዣውን ቀለበት፣ ፒስተኑን ከነኋለኛው ጎሚኒ፣ ቀጭኑን ማስደገፊያ፣ የፊተኛውን ጎሚኒ፣ ሞላውን፣ በመጨረሻም ከፖምፓዋ ወለል የሚቀመጠውን ትንሹን ቫልቭ። ጨርቁ በብዙ እጥበት የሳሳ የጥጥ ነጠላ ነበር። የሱፍ ነገር ወደዚያ ጠረጴዛ እንዳይቀርብ ጥብቅ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ብርድ ልብስና ምንጣፍ በሚሠራባት በደብረ ብርሃን ደግሞ ሱፍ ከየሰዉ ልብስ ላይ ስለማይጠፋ፣ ወደ ሥራው የሚቀርብ ሰው ጋቢውን በር ላይ ሰቅሎ ይገባ ነበር።

የውስጡ ዕቃ የሚታጠበው በአልኮል ብቻ ነው። ቤንዚንም፣ ናፍጣም፣ የሞተር ዘይትም የጎሚኒ ጠላቶች ናቸውና። ከዚያ ቀደም አንድ ረዳት በመንገድ ላይ የፍሬን ዘይት ቢያጣ የሞተር ዘይት ጨምሮበት የመጣ መኪና ከፍተን ነበር፤ ጎሚኒዎቹ እንደ ቡሽ አብጠው፣ ሲጫኗቸው እየተፈረፈሩ፣ ፒስተኑን በእንጨት መትተን እንኳ ለማውጣት እስከሚያስቸግር ድረስ ተጣብቀው ነበር። የፋርማሲው አልኮል በዚያ ሰሞን ጠፍቶ ስለ ነበር አንዱ ሠራተኛ ዳግም አረቄ እናምጣ ቢል፣ አለቃ አልፈቀዱም፤ የቱንም ያህል ቢበረታ ውሃ አያጣውምና። የፖምፓዋ ሞት ከውሃ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ በክረምት በክዳኑ መተንፈሻ የሚገባው ጠል ቀስ በቀስ ይዋሐደዋል፤ ውሃውም በአንድ በኩል ብረቱን ያዝገዋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ታምቡሮቹ በቁልቁለት ሲግሉ ከዘይቱ አስቀድሞ ይፈላና ተን ይሆናል። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ተን ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ይረግጣል፣ ፔዳሉም ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ታጥባ ስትደርቅ ፖምፓዋን ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ይዘው በውስጧ ተመለከቱ፤ ከዚያም ለእኔ ሰጡኝ። ከሦስት ወገን ግድግዳዋ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ከታች በኩል፣ ውሃ በሚተኛበት ጎን ግን፣ ፈንጣጣ ያለፈበት ገጽ የሚመስል ጠባሳ ተበትኖባታል። አለቃ የትንሽ ጣታቸውን ጥፍር አስገብተው በቀስታ ጎተቱት፤ ጥፍሩ ያዘ። «ጥፍር የያዘበት ግድግዳ ዘይት አይይዝም» አሉ። ጠባሳው ጥልቅ ባይሆን ኖሮ በማለስለሻ ድንጋይ አሽቶ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ይህን ያህል የጠለቀውን ግን አሽቶ ማጥፋት ቀዳዳውን ከልኩ በላይ ማስፋት ስለሆነ፣ አዲሱ ጎሚኒ የሚደገፍበት ያጣል። አዲስ ፖምፓ ደግሞ በከተማው አልተገኘም። እንግዲህ የቀረው መንገድ ውስጧን በነሐስ ማልበስ ነበር።

ስለዚህ ፖምፓዋን በነጠላ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወረድሁ። በተክለ ሃይማኖት አጠገብ የነበረው የቶርኖ ባለሙያ የቀድሞውን ቀዳዳ አስፍቶ፣ የነሐስ ቱቦ በጉልበት አስገብቶ፣ ውስጡን በልኩ ቆርጦ አለሰለሰው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓዋ ውስጥ የሚወርዱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ሰፊ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ፣ መርፌ እንጂ ሌላ ነገር የማያልፍበት ነው። ነሐሱ ሁለቱንም ስለሸፈናቸው እንደገና መበሳት ነበረባቸው።

ይህች ጠባብ ቀዳዳ የፖምፓዋ ምሥጢር ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሾፌሩ እግሩን ባነሣ ጊዜ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የጎሚኒው ከንፈር ይህችን ቀዳዳ ይገልጣታል፤ በሙቀት የተስፋፋው ዘይትም በእርሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። በጉድፍ ብትደፈን ወይም ጎሚኒው ጥቂት ቀድሟት ቢቆም፣ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ በመስመሩ ውስጥ ይታፈናል፤ የፍሬኑ ሸራዎችም ማንም ፔዳሉን ሳይረግጥ ታምቡሩን ይዘው ይግላሉ፣ ሲግሉ ዘይቱ ይበልጥ ይስፋፋል፣ ሲስፋፋ ይበልጥ ይይዛሉ፤ በመጨረሻም ከጎማው ጢስ ይወጣል። ሰው ሁሉ ፍሬን አልይዝ ማለቱን ይፈራል፤ አልለቅ ማለቱን የሚፈሩት ግን የሚያውቁት ብቻ ናቸው።

ይዤያት ስመለስ አለቃ ከቶርኖ ቤት የመጣውን ሥራ በደስታ ቢቀበሉትም፣ እንዲሁ አላመኑትም። በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ያልተፈተለ ጥጥ ጠቅልለው በአዲሱ ነሐስ ላይ በዝግታ አሳለፉት። ጥጡ ከጠባቧ ቀዳዳ ሲደርስ አንዲት ጭረት ተመዝዛ ቀረች። መሰርሰሪያው ከቀዳዳዋ አፍ ላይ ዓይን የማያያት የነሐስ እሾህ ትቶ ነበር፤ ጎሚኒው በላይዋ በተመላለሰ ቁጥር ከንፈሩን ልትቆርጠው የተዘጋጀች። ከዚያ ወዲያ የነበረው ሥራ ሁሉ ከዚህች እሾህ ጋር ነበር። እጅግ ደቃቅ ካርታ ቬትራ በእንጨት ላይ ጠቅልለው፣ ሳይጫኑ፣ እያዞሩ አሹ፤ አጠቡ፤ በጥጥ መረመሩ፤ ጥጡ ያዘ፤ እንደገና አሹ። የጾም ሰዓት ስለ ነበረ እህል ሳይቀምሱ ውለዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ደወል ሲሰማ አማተቡና ሥራቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ጥጡ ከዳር እስከ ዳር ሳይያዝ አለፈ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ከተመዘዘ ገመድ አንዲቱን ቀጭን ክር ከማጠራቀሚያው በኩል አስገብተው ከውስጥ እስክትወጣ ጠበቁ፤ ስትወጣ አዩ፤ ሳቡና ፖምፓዋን ወደ ብርሃኑ አነሡ፤ በቀዳዳዋም ውስጥ የሰማዩ ብርሃን እንደ ኮከብ ሆኖ ታየ።

መግጠሙ ከዚህ በኋላ አጭር ነበር። ቫልቩ፣ ሞላው፣ ጎሚኒው፣ ማስደገፊያው፣ ፒስተኑ በየተራቸው፣ ሁሉም በአዲስ የፍሬን ዘይት ርሰው ገቡ፤ የጎሚኒው ከንፈር ሲገባ እንዳይታጠፍ በጣት እየተዳሰሰ። በመኪናዪቱ ላይ ከታሠረች በኋላ አለቃ የመግፊያውን ዘንግ ርዝመት ራሳቸው ለኩ፤ ፔዳሉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች የሚሆን ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባልና። ይህ ክፍተት ከሌለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ያን ያህል የተደከመባትም ጠባብ ቀዳዳ ተሸፍና ትቀራለች። ብዙ ሾፌሮች ፔዳሉ ገና ሲነኩት እንዲይዝላቸው እየፈለጉ ይህን ክፍተት እንዲያጠፉላቸው ይለምኑ ነበር፤ እርሳቸው ግን ለማንም አላጠፉም።

አየሩን ማስወጣት የእኔ ተራ ነበር። ከመኪናው ሥር ተኝቼ፣ በቀጭኑ የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ዘይት ያለበትን ብርጭቆ ይዤ፣ መጀመሪያ ከአየር ማገዣው፣ ቀጥሎም እጅግ ከሚርቀው ከኋለኛው ቀኝ ጎማ ጀምሬ ወደ ፊት እየቀረብሁ መክፈቻውን ስፈታና ሳጠብቅ፣ ከላይ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» የሚለው የአለቃ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አረፋው በብርጭቆው ውስጥ መጀመሪያ እየተንፎለፎለ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያለ ወጣ፤ በመጨረሻም ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ፈሰሰ። አለቃ ግን የመጨረሻው አረፋ ከወጣ በኋላም ደግሞ አስረገጡ፤ በሁሉም ጎማ እንዲሁ አደረጉ።

ስኳሩና ቆርቆሮው እንደገና ከመጫኑ በፊት መኪናዪቱ ባዶዋን በከተማው ዳር ተፈተነች። ቀጥሎ የሆነው በጋራዣችን የተለመደ ሥርዓት ነበር፤ አለቃ ፖምፓውን ያደሱለትን መኪና የመጀመሪያውን ቁልቁለት አብረው ካልወረዱ ሥራው አለቀ አይሉም ነበር። ሾፌሩ፣ አለቃና እኔ በካቢናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጣርማ በር ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ሞልቶት፣ ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ላይ ተኰራምተው ነበር። ከዋሻው ስንወጣ ሾፌሩ በተለመደው ሕግ፣ ማለትም ዳገቱን ቢወጣ ሊጠቀምበት ወደሚገባው ማርሽ ዝቅ አደረገና ፔዳሉን ተጫነ። አለቃ የሚመለከቱት መንገዱን ሳይሆን የሾፌሩን እግር ነበር። ፔዳሉ ከቆመበት አልተናወጠም። የአየሩን መለኪያ አዩ፤ ከአስጊው ከ60 በላይ ረግቶ ቆሟል። እስከ ደብረ ሲና ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የሾፌሩም ፊት እየተፈታ ሄደ።

ደብረ ሲና ገበያው ዳር ስንቆም አለቃ ወርደው መዳፋቸውን በየታምቡሩ አጠገብ እያቀረቡ ስድስቱን ዞሩ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ወይም የቀዘቀዘ ካለ ሸራው ወይም የጎማው ሲሊንደር ሥራውን አለመሥራቱን ያሳያልና። ሁሉም እኩል ሞቀዋል። ከዚያ ሾፌሩን ጠርተው፣ «ክረምት በወጣ ቁጥር ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስለውጠው። አልጎደለም ብለህ አትተወው፤ ውሃው የሚገባው ሳይጎድል ነው። የተከፈተ ቆርቆሮ ዘይትም ከማንም አትግዛ» አሉት። እርሱም እሺ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ ከትከሻው ይዘው አቀኑት። እኛም በሌላ መኪና ተሳፍረን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን።

ዛሬ በየጋራዡ ፖምፓ ሲበላሽ አዲስ ገዝቶ መለወጥ ተለምዷል፤ ይህንንም አልነቅፍም፤ በደንብ ካልታደሰ አሮጌ ይልቅ እውነተኛው አዲስ ይሻላልና። የሚያሳዝነኝ፣ ለዋጩ ልጅ በውስጡ ያለውን ሳያውቅ መለወጡ ነው፤ ፔዳሉ ባዶ ጉዞ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው፣ አዲሱን ፖምፓ በአሮጌው ስሕተት ያቃጥለዋል። አለቃ ለእኔ ያስተማሩኝ መፍታትንና መግጠምን ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለምን እንደተበሳ፣ እያንዳንዱ ክፍተት ለምን እንደተተወ፣ ከማሳየታቸው በፊት ያስረዱኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት፣ አደይ አበባው ገና ከሜዳው ሳይጠፋ፣ ያው ሾፌር ያልተከፈተ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት በእጁ ይዞ ከጋራዣችን ደጅ ቆመ። ፖምፓዋን ከፈትናት። ነሐሱ ያለ አንዳች ጠባሳ ነበር፤ ዘይቱ ብቻ ጠቆር ብሎ ነበር። አለቃ ጥፍራቸውን በግድግዳዋ ላይ ጎትተው፣ ጥጡንም በቀዳዳዋ ላይ አሳልፈው፣ ጎሚኒዎቹን ብቻ ለውጠው ዘጓት። አየሩ ወጥቶ፣ ፔዳሉም ተፈትኖ ሲያበቃ፣ ሾፌሩ ከጭነቱ ላይ የተቀመጡትን መንገደኞች እያሳየ፣ «አለቃ፣ እነዚህስ ይውረዱ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «ሳይመሽባቸው ውሰዳቸው» አሉት።